የአዴ ዲንቄ ሽንኩርትና የእኛ ግድግዳ

አዴ ዲንቄ በተቀበሩ ዕለት የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ የሰማ እንግዳ፣ አዳማ ላይ ሠላሳ ዓመት ሽንኩርት የነገዱ ሴት ሳይሆኑ አንዲት መነኩሲት ያረፉ ይመስለዋል። «ሰው አክባሪ፣ አንደበታቸው የታረመ፣ ማንንም አስቀይመው የማያውቁ» እያለ የወንድማቸው ልጅ በድምፅ ማጉያ ሲያነብ፣ ከኋላዬ ከቆሙት የገበያ ሴቶች አንዷ ነጠላዋን ወደ አፏ ጠጋ አድርጋ ጓደኛዋን፣ «ቀብር ተሳስተን ይሆን እንዴ?» አለቻት። እየቀለደች አልነበረም፤ ከልቧ ሰግታ ነው።

ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በትክክል ለመናገር፣ የመጀመሪያውን ረቂቅ። የምሠራው ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለሆነ፣ ሰፈራችን የሚጻፍ ነገር ሲገጥመው፣ ማመልከቻም ይሁን የዕድር ማስታወቂያ፣ ይዞ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። የአዴ ዲንቄም ዘመዶች መጡ። ሁለት ገጽ ጻፍኩላቸው። ጽሑፉ ግን ድምፅ ማጉያው ዘንድ ከመድረሱ በፊት በእትዬ ወይንሸት እጅ አለፈ። እትዬ ወይንሸት አዴ ዲንቄንም እኔንም በአንድ ግቢ ለዓመታት ያከራዩን ሴት ናቸው። መነጽራቸውን ሰክተው አነበቡና ከሁለተኛው ገጽ ግማሹን በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙት።

«ልጄ፣ በሬሳ ፊት ሻጋታ ይነሳል?» አሉኝ።

ወረቀቱን ተቀበልኳቸው። ትምህርቴን የጨረስኩት ሠላሳን ካለፍኩ በኋላ በማታ ክፍል ነው፤ ዘግይቶ የተማረ ሰው ከመናገሩ በፊት ሦስቴ ያጣራል፣ አጣርቶ ሲጨርስም ወሬው ወደ ሌላ ዞሯል። የተሰረዘው ግማሽ ገጽ ግን ከልቤ አልወጣም። እነሆ እዚህ እጽፈዋለሁ፤ ቀይ እስክሪብቶ የያዘ ሰው ስለሌለም ሰፋ አድርጌ።

አዴ ዲንቄ ከዓለም ጤና ከተማ ነው የመጡት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደው የሚያስሩ፣ አፍንጫቸው ግን ለዚያ ፊት ከሚገባው በላይ የሆነ ሴት ነበሩ። በአፍንጫቸው ይኮሩበት ነበር። ሰው ቤት ሲገቡ ቀድሞ የሚገባው እሱ ነው። በሩ ላይ ቆም ይሉና ሁለት ጊዜ ይስባሉ፣ እንደ ጥንቸል ሳይሆን እንደ ቀረጥ ተቆጣጣሪ። ከዚያ በኋላ ነው «አካም» የሚሉት። ካሸተቱ በኋላ ከተቀመጡ ቤትዎ ደኅና ነው። «አልቀመጥም፣ እቸኩላለሁ» ካሉ፣ የት ጥግ ላይ ምን እንደበሰበሰ መፈለግ የባለቤቱ ፈንታ ነው።

በግቢው ኋላ በኩል ከተደረደሩት ክፍሎች ሁለቱ የእሳቸው ነበሩ። በአንዱ ይኖራሉ፣ በሌላው ሽንኩርታቸው ይኖራል። የሚያምረው የሽንኩርቱ ነበር። ትይዩ የሆኑ ሁለት መስኮቶች ነበሩት፣ በመስታወት ፈንታ በሽቦ ወንፊት የተጋረዱ፤ በአንዱ የገባ ነፋስ ሳይንገላታ በሌላው ይወጣል። ጆንያዎቹ መሬት አይነኩም፤ ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ ያለ የባሕር ዛፍ ርብራብ ተሠርቶላቸዋል። ግድግዳም አይነኩም፤ በጆንያውና በግድግዳው መሐል የእሳቸው እጅ ሙሉውን ማለፍ አለበት። በየጠዋቱ እጃቸውን እያስገቡ ይለኩ ነበር። እኔ በዚያን ጊዜ ትርፍ ጊዜ ያላት ሴትዮ እያልኩ በልቤ እስቅባቸው ነበር።

እንግዲህ ስለ ደግነታቸው ብቻ እንዳይመስልብኝ፣ ሲሸጡ ከጆንያው ላይ ትልልቁን፣ ከታች ጥቃቅኑን እንደሚያደርጉ ገበያው ሁሉ ያውቃል። አንድ ጊዜ እትዬ ወይንሸት ቤት ዝክር ተጠርተን፣ ሰው ሁሉ በልቶ ሲጨዋወት አዴ ዲንቄ ሳይቀመጡ ቆመው ቀሩ። ሁለቴ ሳቡ። ከዚያ በሙሉ ድምፃቸው፣ «ወይንሸት፣ ከብፌሽ ጀርባ የሞተ ነገር አለ» አሉ። ያ ብፌ በእትዬ ወይንሸት ሠርግ ቀን የገባ፣ ብርጭቆው ተቆጥሮ የተደረደረ፣ ከዚያ ወዲህ ማንም ያልነካው ብፌ ነው። ነገሩ አይጥ ነው ተብሎ ወንዶች ተነሥተው ሳቡት። አይጥ የለም። ግድግዳው ግን ከወለል እስከ ወገብ ጥቁርና አረንጓዴ ጠጉር አብቅሏል።

እትዬ ወይንሸት ተናደው፣ «አንቺ የጆንያሽን ሥር ገልብጪና ከዚያ የሰው ብፌ ግፊ» አሏቸው። ቤቱ ሳቀ። አዴ ዲንቄ ቅር እንኳ አላላቸውም። «እሱን እኮ ነው የምልሽ» አሉ። «ሽፋን ሥራዬ ነው። ሌላ ሰው የሸፈነውን እኔ ካላወቅሁ ማን ያውቃል?»

ብፌው ወደ ቦታው ተመለሰ። ጠጉሩም ከጀርባው።

ወደ እኛ ግድግዳ ልምጣ። ክፍላችን ከረድፉ መጨረሻ ላይ ነው። ስንከራየው የተቀባ ቀለሙ ገና ይሸት ነበር፣ ልጄ ሊያ ሦስት ዓመቷ ነበር፣ እኔም አዲስ ቀለም መልካም ምልክት ይመስለኝ ነበር። አዲስ ቀለም ምን ማለት እንደሆነ ዛሬ ነው የማውቀው፤ ከበፊቱ ተከራይ የቀረ አንድ ነገር እንዳይታይ ማለት ነው። ክረምቱ ሲገባ ከሊያ አልጋ ራስጌ በኩል፣ ጥጉ ላይ፣ ሰው ቁንዶ በርበሬ የበተነበት የመሰለ ነጠብጣብ ወጣ። ጠረግሁት። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ፣ ዘመዶቹን ይዞ።

ሳሉም አብሮ መጣ። ቀን ግቢ ውስጥ ስትሯሯጥ ምንም የላትም፤ ክፍሉ ውስጥ ስትተኛ ደረቷ ያፏጫል። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ ባለሙያዋ ሽሮፕና የሚነፋ መድኃኒት ሰጥታኝ፣ ቤታችን እርጥበት ይኑረው አይኑረው ጠየቀችኝ። ለእትዬ ወይንሸት ይህንኑ ብነግራቸው ከልባቸው ሳቁ። ናዝሬት ላይ እርጥበት ተሰምቶም አይታወቅ፣ እዚህ አገር ያስቸገረን አቧራ ነው፣ ልጅቷን ብርድ መትቷት ነው አሉኝ። መድኃኒቱንም አብረው አዘዙ፤ ከበሩ በላይ ያለው ክፍተት በጨርቅ ይጠቅጠቅ፣ የመስኮቱ ጠርዝ በፕላስተር ይታሸግ፣ ብርድ ልብስ ይደረብ። እኔ መጽሐፍ እያነበብኩ የማድር ሴት፣ የታዘዝኩትን ሁሉ አደረግሁ። ብርድ ሲባል የማይታዘዝ እናት አላየሁም። አውቶቡስ ውስጥ ሰባ ሰው በላብ ተጠምቆ መስኮት የሚከፍት ጠፍቶ ስንጓዝ ያደግን ሰዎች ነን።

ባለቤቴ ባቱ ከተማ አበባ እርሻ ላይ ስለሚሠራ በየሁለት ሳምንቱ ነው የሚመጣው። አንድ ጊዜ ሲመጣ እንደ ልማዱ ከሚያመጣው ዓሣ ጋር ሌላ ጥቅል ይዞ መጣ፤ ያን የጡብ ቅርጽ ያለውን፣ ከጀርባው ማጣበቂያ ያለውን ነጭ የግድግዳ ስፖንጅ። ነጠብጣቡ ላይ ለጠፍነው። ክፍሉ የሙሽራ ቤት መሰለ። ጎረቤቶች ልጆቻቸውን እያመጡ ከፊቱ ፎቶ ያነሡ ጀመር። እትዬ ወይንሸትም አይተው፣ ቤት መያዝ እንዳንቺ ነው ብለው አመሰገኑኝ።

አዴ ዲንቄ ሊያዩት መጡ። በሩ ላይ ቆሙ፣ ሁለቴ ሳቡ፣ አልተቀመጡም። ወደ ስፖንጁ ሄደው በጣታቸው ጫን አደረጉት። ሰምጦ ተመለሰ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ስፖንጅ ነው፣ አዴ። ለማሳመር ነው።»

«ሻጋታው እስከ ዛሬ ደረቅ ግድግዳ ላይ ተኝቶ ነበር» አሉ። «ፍራሽ ገዛችሁለት።»

በጥፍራቸው ጫፉን ይዘው ላጡት። ጀርባው ጥቁር ነበር፤ ጥቁር ብቻ አይደለም፣ ርሷል። ሊያ ለማየት ስትጠጋ በክንዳቸው ገፍተው አወጧትና በሩን ከኋላዋ ዘጉ። ለልጅ አፍንጫ የሚሆን ነገር አይደለም አሉኝ፤ ያን ጊዜ ነው ድምፃቸው ዝቅ ሲል የሰማሁት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ማንበብ ጀመርኩ። ነገር ሲገጥመኝ የማደርገው ይህንኑ ነው። ስልኬ ላይ ስለ ሻጋታ ያገኘሁትን ሁሉ እያወረድኩ፣ ደብተር ገዝቼ፣ በርእስ በርእስ እየከፈልኩ እገለብጥ ነበር። አዴ ዲንቄ ፊደል አልቆጠሩም። በደጃፌ ባለፉ ቁጥር ደብተሬን አይተው ቆም ይላሉ። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ እሳቸው የሚጠሩኝ ግን «ተማሪዋ» ብለው ነው።

«ተማሪዋ፣ አንብበሽ እስክትጨርሺ ልጅቷ ትዳራለች።»

አነበብኩ እንጂ። አንድ ቅዳሜ ከጽሑፉ አምስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ፣ ሻጋታ በበረኪና እንደሚጠፋ አገኘሁና ተነሣሁ። በረኪና ከምንም ነገር ጋር እንዳይደባለቅ የሚለው ስድስተኛው ገጽ ላይ ነበር፤ አልደረስኩበትም። እንዲጠነክርልኝ ብዬ ከሽንት ቤት ማጽጃው አሲድ ጨመርኩበት። ሊያ እንዳትገባ በሩን ዘጋሁ። መስኮቱ ከድሮው ታሽጓል። አፌን ሳልሸፍን ጥጉ ላይ ጎንበስ አልኩ። ከዚያ በኋላ ያለው ብዙ አይደለም፤ ጉሮሮዬ ተዘጋ፣ ዓይኔ ጠፋ፣ በሩ በየት በኩል እንደሆነ ጠፋብኝ።

አዴ ዲንቄ ከሽንኩርት ቤታቸው ሆነው ሽታው ደርሷቸዋል። በሩን በእግራቸው መትተው ከፈቱት፣ በነጠላዬ ይዘው እየጎተቱ አወጡኝ፣ ከደጃፉ ቁጭ ብላ የምትጠብቀኝን ሊያን በሌላ እጃቸው አንሥተው እስከ ግቢው በር ሮጡ። እኔ እያሳልኩ ተከተልኳቸው። ትንፋሼ እስኪመለስ ጠበቁኝ፤ ሲመለስ ጀመሩኝ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ሻጋታው በቀስታ የያዛትን ልጅ አንቺ በአንድ ቀን ልትጨርሺያት ነው?»

የዚያን ቀን የሰማሁት ስድብ ከደብተሬ ውስጥ ካለው ሁሉ ይጠቅም ነበር። በረኪና ብቻውን ነው የሚሠራው፣ ያውም በር ተከፍቶ። ለእንዲህ ያለው ሳሙናና ውሃ ይበቃል። ደረቁን መፈግፈግ የለም፤ ቀድሞ ይረጥባል፣ አለዚያ ብናኙ ተነሥቶ ቤቱን ይሞላል፣ ከዚያም የልጅ ደረት ውስጥ ነው የሚያርፈው። አፍና አፍንጫ ይሸፈናል፣ እጅ ይሸፈናል፣ ልጅ ግድግዳው እስኪደርቅ እዚያ ክፍል አትገባም። ይህን ሁሉ ከየት እንዳወቁት ብጠይቃቸው፣ የበሰበሰ የሽንኩርት መጋዘን ያጸዳ ሰው መጽሐፍ አይጠይቅም አሉኝ። እየተናገሩም ተነሥተው ወደ ክፍላችን ጀርባ ዞሩ። «አንቺ ግድግዳውን ታጥቢያለሽ» አሉ። «ውሃው ከየት እንደሚመጣ ጠይቀሻል?»

አልጠየቅሁም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አልጠየቅሁም።

የእትዬ ወይንሸት የውሃ ታንከር ከክፍላችን ጀርባ፣ ግድግዳውን ተደግፎ በሲሚንቶ መደብ ላይ ቆሟል። አዳማ ውሃ በፈረቃ ነው፤ ሲመጣ ታንከሩ ይሞላል፣ ሞልቶም ይፈሳል፣ የሚፈሰውም በሊያ ራስጌ በኩል ነው። ከበጋ እስከ ክረምት ግድግዳው ውሃ ይጠጣል። እኛ ከውስጥ እንጠርጋለን፣ እንቀባለን፣ ስፖንጅ እንለጥፋለን።

እትዬ ወይንሸትን ታንከሩ እንዲነሣ ለመንኳቸው። እምቢ አሉ። መደቡ ለታንከሩ ተብሎ የተሠራ ነው፣ ውሃ ያለው ሰው ውሃህን አንሣ ሲባል የሰሙት ገና ዛሬ ነው፣ የእሳቸውም ልጆች አስለው ነው ያደጉት። የጤና ባለሙያዋን ቃል ነገርኳቸው፤ እሷ ልጅ ናት አሉ። ደብተሬን አወጣሁ። አንድ ገጽ ገለጥ አደረጉና ጽሕፈቴ ቆንጆ መሆኑን መሰከሩልኝ።

ነሐሴ እያለቀ ነበር። ሊያ ያን ሰሞን ሌት እየተነሣች ቁጭ ብላ ነበር የምትተነፍሰው። ሌላ ክፍል ፈልገን አልቀናንም፤ ልጅ ላለው ሰው አናከራይም የሚሉ አከራዮች ናቸው የበዙት። አንድ ጠዋት አዴ ዲንቄ መጥተው የልጅቷን አንሶላና ብርድ ልብስ አጥቤ ፀሐይ ላይ እንዳሰጣ፣ ፍራሿን እንድጥል አዘዙኝ። ከዓለም ጤና ስምንት ጆንያ ሽንኩርት ደርሶላቸው ነበር።

«ዛሬ ቤት እንለዋወጣለን» አሉ። «ልጅሽ ከርብራቡ ላይ ትተኛ። ሽንኩርቴ ከአልጋዋ ላይ ይተኛ።»

የቀልድ መሰለኝ። ተሸካሚዎቹ ጆንያዎቹን ሲያስገቡ ነው ያመንኩት። አራቱን ከአልጋው ላይ፣ አራቱን ከግድግዳው ጋር አስጠግተው ደረደሩ፤ እነዚያ ግድግዳ የማይነኩ ሽንኩርቶች ግድግዳውን ተደገፉ። ከዚያ እትዬ ወይንሸትን ጠሯቸው። ለእንቁጣጣሽ የልጃቸው አማቾች ለመጀመሪያ ጊዜ ሊመጡ ስለነበር ሁለቱ ጆንያ የእትዬ ወይንሸት ነበር፣ ለድግሱ የታዘዘ።

«ክፍሉ ጤነኛ ነው ብለሻል» አሏቸው አዴ ዲንቄ። «የአንቺም ሽንኩርት እዚህ ይቀመጥ?»

እትዬ ወይንሸት ወጥመዱን አላዩትም። ክፍሉ ለልጅ የሆነ ለሽንኩርት ያንሳል ወይ ብለው ፈቀዱ፤ ቃላቸው ይኸው ነው፣ አንድም አልጨመርኩም። በሩ ተቆለፈ። ቁልፉ በአዴ ዲንቄ መቀነት ታሰረ።

ዐሥራ ሁለት ቀን ሽንኩርት ቤት አደርን። ነፋሱ በአንዱ ወንፊት ገብቶ በፊታችን ላይ አልፎ በሌላው ይወጣል። በመጀመሪያው ቀን ልጄን ገደልኳት ብዬ ወንፊቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልኩ፤ አዴ ዲንቄ ጠዋት ገብተው ሳይናገሩ አወረዱት፣ አጥፈውም ሊያን አለበሷት። በአራተኛው ቀን ፉጨቱ ቀነሰ። በሳምንቱ ጆሮዬን ከደረቷ ላይ አድርጌ አዳመጥኩ፤ የሰማሁት ልብ ብቻ ነው። ማጋነን አልወድም፣ የሚነፋውንም መድኃኒት አላቋረጥንም ነበር። ግን መድኃኒቱ ያው የበፊቱ ነው። የተለወጠው ቤቱ ነው። የሰፈር ልጆች ሽንኩርት ሽንኩርት ትሸቻለሽ ብለው ሲስቁባት፣ እቤት መጥታ ለአዴ ዲንቄ በኩራት ነገረቻቸው።

በዐሥራ ሦስተኛው ቀን አዴ ዲንቄ ግቢውን ሰበሰቡ። ተከራዩን፣ እትዬ ወይንሸትን፣ በደጅ የሚያልፈውን ሳይቀር። ሊያን ከግቢው በር ማዶ ከጎረቤት አስቀመጧት። አፋቸውን በሻሻቸው ሸፍነው በሩን ከፈቱ።

ሽታው ቀድሞ ወጣ። ጆንያዎቹ አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ ሲወጡ፣ ልጣጩ ሥር ጥቁር ዱቄት የመሰለ ነገር ነበር፤ ግማሹ ለስልሶ ፈሷል፣ ጆንያው ከሥሩ ይንጠባጠባል። እትዬ ወይንሸት ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «ወይኔ ሽንኩርቴን» አሉና በቁማቸው ያዝ አደረጋቸው። ወንበር ወጣላቸው። ሴቶች ከበቧቸው። አንዷ ትከሻቸውን እየዳበሰች እግዜር ይተካው ትላለች፣ ሌላዋ ከበዓል በፊት እንዲህ ያለ ጉድ አይታ እንደማታውቅ ትምላለች፣ ሦስተኛዋ ዓይኗን ትጠርጋለች፤ ሽንኩርት ነውና እንባው እውነተኛ ነበር። ሙሉ ለቅሶ ቤት ሆነ። የጎደለው ድንኳን ነው።

አዴ ዲንቄ ለቅሶው ረገብ እስኪል ጠበቁ።

«ወይንሸት» አሉ፣ «ሽንኩርቱን ብርድ መትቶት ነው እንዴ?»

በእግራቸው አንዱን ጆንያ ገፋ አደረጉ።

«መስኮቱ እኮ ዝግ ነበር። በሩም ተጠቅጥቋል። ብርድ በየት ገባበት?» ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሩ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ልጅ ስታስል አንድ ሰው ራሱን ይዞ አላየሁም። ወንበርም አልወጣም።»

ታንከሩ በማግስቱ ተነሣ። ለልጄ ተብሎ እንዳይመስላችሁ፤ ወሬው አማቾች ዘንድ እንዳይደርስ ነው። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ መደቡ ፈረሰ፣ የሚተርፈው ውሃ በቦይ ወደ ውጭ ተመራ። ልስኑ እየረጠበ እስከ ብሎኬቱ ተፋቀ። የበሰበሰው የቺፕውድ ኮርኒስ ወርዶ ከስፖንጁ ጋር በላስቲክ ታስሮ ተጣለ። ከበሩ ትይዩ መስኮት ተቆረጠ። ከዚያ በኋላም አዴ ዲንቄ ሊያን አላስገቧትም፤ ግድግዳው ላይ ቁራጭ ላስቲክ አራቱን ጠርዝ በፕላስተር ለጠፉና በየጠዋቱ ከሥሩ ላብ መኖሩን ያዩ ነበር። ላብ የሌለበት ጠዋት እስኪመጣ ሳምንታት ፈጀ። አልጋው ሲመለስ እጃቸውን በግድግዳውና በአልጋው መሐል አስገብተው ለኩ። አለፈ።

ለዚያ የመጨረሻ መለኪያ እኔ ደብተሬን ይዤ ቆሜ ነበር። አንድ ነገር አልገባኝም ነበርና ጠየቅሁ። ግድግዳው ርጥብ ነው፣ እሺ፤ ግን ከግድግዳው የራቁት ከአልጋው ላይ ያሉት አራቱ ጆንያዎች እንዴት እኩል በሰበሱ? አዴ ዲንቄ በሩ ዝግ መሆኑን አዩ።

«መኪናው ላይ ዝናብ መትቶት ነው የመጣው» አሉኝ። «የትም ቢቀመጥ ዕድሜ አልነበረውም።»

«የእትዬ ወይንሸትስ?»

«እርጥቡ እንዳይታያት ከላይ ትልልቁን አደረግሁላት።»

ያነበብኩትን ሁሉ፣ ደብተሬን፣ ማስረጃ ምን መምሰል እንዳለበት የማውቀውን ሁሉ አሰብኩ። እሳቸው ፊቴን አይተው ሳቁብኝ። ደህናውን ሽንኩርት ለሻጋታ የሚገብር እብድ ነው አሉ። እኔም ደብተሬን ዘጋሁ። እውነተኛው ማስረጃ፣ የልጄ ደረት፣ ሁለት ዓመት ሲያፏጭ የሰማው የለም፤ ያመኑት በተጭበረበረው ነው። እትዬ ወይንሸት ይህን እስከ ዛሬ አያውቁም። ዛሬ ካነበቡት ይቅርታ፣ እትዬ፤ በሬሳ ፊት አላነሣሁትም።

ባለፈው ዓመት አዴ ዲንቄ ታመሙ። የወንድማቸው ልጅ ወደ ቤቱ ወሰዳቸው። ልጠይቃቸው የሄድኩ ቀን ክፍሉ በሴቶች ተሞልቶ ነበር፣ እትዬ ወይንሸትም ከራስጌያቸው ተቀምጠዋል። ቀትር ነው፣ የአዳማ ቀትር። ሦስት ብርድ ልብስ ተደርቦላቸዋል። መስኮቱ ተዘግቶ ጠርዙ በጨርቅ ተጠቅጥቋል፣ መጋረጃው ወርዷል። ከራሳቸው በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ ያ ነጭ የጡብ ስፖንጅ ተለጥፏል። ጫፉ ላይ ገርጥቷል። የሸተተኝ እኔን ብቻ ይሁን አላውቅም።

መናገር አቅቷቸው ነበር ተባልኩ። ግን ዓይናቸው እኔን ሲያይ ያውቀኛል። እኔን አዩና መስኮቱን አዩ። ቀጥሎ እንደገና እኔን። ተቀመጥኩ። ሴቶቹን ቆጠርኩ፤ ሰባት ነበሩ፣ ሰባቱም ታላላቆቼ። ልነሣ ብዬ እትዬ ወይንሸት ምን እንደሚሉ አሰብኩ። ሰው ያቀረበልኝን ሻይ ጨረስኩ። አንዷ ስለ ዘንድሮ ሙቀት አወራች። አዴ ዲንቄ ዓይናቸውን ከመስኮቱ አላነሡም።

በስተመጨረሻ ተነሣሁ። በሰባቱ ፊት አልፌ ጨርቁን ነቀልኩና መስኮቱን እስከ መጨረሻው ገፋሁት። ክፍሉ ተንጫጫ፤ ብርድ ይመታቸዋል፣ ምን ነካት፣ ዝምተኛ የተባለች ሴት። እትዬ ወይንሸት ሊዘጉት ተነሡ፤ እኔ ከመስኮቱ ፊት ቆምኩ። አዴ ዲንቄ ከአራት ቀን በኋላ ሲያርፉ፣ እትዬ ወይንሸት የገደላቸው ያ መስኮት ነው ብለው ለዕድሩ ተናግረዋል። ገዳይዋም ጸሐፊዋም እኔ ሆንኩ ማለት ነው፤ ከጽሑፌ ግማሽ ገጽ ብቻ መሰረዙ እንደውም ምሕረት ነው።

ያን ቀን ግን መስኮቱን ተደግፌ እንደቆምኩ፣ የውጭው አየር መጋረጃውን አንሥቶ አልጋው ድረስ ደረሰ። አዴ ዲንቄ አፍንጫቸውን ቀና አደረጉ። ሁለት ጊዜ ሳቡ። ከዚያ፣ መናገር አቅቶታል በተባለው ድምፅ፣ ቤቱ ሁሉ እየሰማ፣

«ተማሪዋ» አሉኝ፣ «አንብበሽ ጨረስሽ?»